አይዲ 6 በጅማ፦ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር

ጅማ ውስጥ ቮልስዋገን አይዲ 6 እነዳለሁ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አዲስ አበባ ታደርሳለች ወይ?» ታደርሳለች። ግን መንገዱን ለሚያውቅና ቤቱ ቻርጀር ላለው ሰው ነው የምታደርሰው። ከክረምት እስከ በጋ ከነዳኋት በኋላ የምለው ይህንን ነው።

የገዛኋት ቤተሰባችን ሰባት ስለሆነ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ጠቦ ነበር። የነዳጅ ሰልፉም ሰልችቶኛል። አይዲ 6 ርዝመቷ 4.9 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ክብደቷ ከ2 ቶን ይበልጣል። የእኔ ባለ ትልቁ ባትሪ ናት፤ 84.8 ኪሎዋት ሰዓት። በቻይና መለኪያ እስከ 588 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የተባለላት ሞዴል ናት። በእኛ ዳገትና በእኛ ጭነት ያን ቁጥር እርሱት።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጅማ ደግሞ 1,700 እና 1,800 መካከል። ስለዚህ ወደ ጅማ መምጣት ይቀላል፣ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይከብዳል። መሃል ላይ ደግሞ የጊቤ ወንዝ ሸለቆ አለ።

ወልቂጤን አልፌ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «ቢ» እቀይራለሁ። እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ እንደ ዲናሞ እየዞረ ባትሪውን ይሞላል። ከፊቴ የሚወርደው ሲኖትራክ የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ ሽታው በመስኮት ይገባል። እኔ ግን ፍሬን የምረግጠው ኩርባው ጠበብ ሲል ብቻ ነው። ፐርሰንቱ ባለበት ይቆማል፣ ቀጥሎ አንድ ይጨምራል፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ አንድ። በጊቤ ሙቀት ኤሲ እየሠራ እንኳ ይጨምራል። ይህንን ሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ ስንወጣ ግን ያገኘነውን መልሳ ትበላዋለች፣ ከዚያም በላይ። ሰባታችንም ካለን ደግሞ ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ማታውን መቶ በመቶ ሞልቼ ነው የምነሳው። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም። ወሊሶ ምሳ የምንበላበት ቦታ አስቀድሜ ደውዬ ቻርጀሬን እሰካለሁ። ምሳ ተበልቶ ቡና እስኪጠጣ ለተወሰነ ኪሎ ሜትር የሚሆን ይገባል። ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ከወሊሶ በኋላ ያለውን ዳገት ያለ ጭንቀት የሚያስወጣኝ ግን እሱ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ሐሳብ የለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ ላይ እንደከፈተው ያለ ፈጣን ቻርጀር አለ።

የቤት ቻርጀር ጉዳይ ከመኪናዋ በፊት ማለቅ አለበት። በተራ ሶኬት ይህንን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ግን ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀል ነው። የእኔ ቻርጀር መጀመሪያ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ አለ። ምክንያቱ ቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያያዝ የደኅንነት ሽቦ፣ የለውም። ጅማ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ፣ ራሱን የቻለ ብሬከር አስገብቶ፣ ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ሳበልን። ከዚያ ወዲህ ችግር አልገጠመኝም። መብራት ሲጠፋ መሙላቱ ይቋረጣል፣ ሲመጣ ራሱ ይቀጥላል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ያም ሆኖ ለነዳጅ ከማወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ያስመረረኝ ጎማው ነው። ስኮርት የላትም። ጎማ የመንፋትና የመድፈን ዕቃ ይዛ ነው የመጣችው፤ ክሪክ እንኳ እኔ ነኝ የገዛሁት። ሰኮሩ አካባቢ የኋላው ጎማ በጎኑ ተቀደደ። ጎን ሲቀደድ ደግሞ መድፈኛ አይረዳም። የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ ይሰፋሉ፣ ስለዚህ ከፊት ፈትቶ ወደ ኋላ መቀየር አይቻልም። ጎሚስታው ልኩን ሲያነብ ራሱን ነቀነቀ። ጅማም ተፈልጎ ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክልኝ ጠበቅኩ። አሁን አንድ የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ሁልጊዜ ይዤ ነው የምጓዘው። ሦስተኛው ረድፍ ሰው ሲቀመጥበት ቦታ ይጣበባል፣ ግን ያለሱ ጊቤን አልወርድም።

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ መኪናዋ ድንቅ ናት፤ ባትሪው ከታች ስለሆነ መሬቱን ይዛ ነው የምትሄደው። የገጠር መንገድ ላይ ግን ቁመቷ አያታልላችሁ። የእኔ የምትነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። አጋሮ አቅራቢያ ወደ ቡና እርሻ የሚገባው ጭቃ ላይ ጎማዋ ባለበት ዞረ፤ ልጆቹ ገፍተው አወጡን። ሆዷ ሥር ውዱ ዕቃ ስላለ ድንጋይ የበዛበት መንገድ ላይ ወርጄ ሳላይ አላልፍም። ዋና ሥራው የገጠር መንገድ የሆነ ሰው ይህንን መኪና አይግዛ። በበጋ ግን ሦስተኛውን ረድፍ አጥፌ ሁለት ኩንታል ቡና ጭኜባታለሁ፣ ምንም አላላትም።

እናቴ መሃለኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ጀርባዋን ስለሚያማት ድሮ ወሊሶና ወልቂጤ ላይ እየቆምን እናንቀሳቅሳት ነበር። አሁን እስከ ጊቤ ትተኛለች። ድምፅ የለም፣ ንዝረት የለም። ለእኔ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ረድፍ ለልጆች ነው፤ ትልቅ ሰው ጅማ ድረስ አይቀመጥበትም።

ሞዴሉ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ አስቀይሬዋለሁ፤ ግማሹ ግን አልተቀየረም። ካርታውን ትቼ በስልክ ነው የምጠቀመው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ባትሪውን አጣሩ። ሁለት መጠን አለው፤ ከውጭ ስታዩት ግን አይለይም። ለአዲስ አበባ ከተማ ትንሹም ይበቃል፤ ጅማ ለሚኖር ትልቁ ነው የሚሆነው። መኪናዋ ላይ የተለጠፈው የቻይንኛ መለያ የባትሪውን መጠን ይዟል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ ካሜራ አስተርጉማችሁ አንብቡት።