ጣቴን ለመለሰልኝ ሐኪም

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አራት ዓመት ሙሉ የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጥፍር ሥር በመርፌ እንደሚወጉት እየጠዘጠዘኝ ኖሬያለሁ። እብጠት የለው፣ ቁስል የለው፤ ጥፍሬ መሃል ላይ ሰማያዊ ነገር ብዥ ብሎ ይታያል፣ በቃ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የቧንቧ ውሃ ሲነካኝ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሰነብት ቀለል ይለኛል፣ ስመለስ ያው ነው።

ያልተባልኩት የለም፤ ሪህ፣ ነርቭ፣ ምች። አንድ ቦታማ ራጅ አንስተው «ምንም የለም፣ ጭንቀት ነው» ብለው ሸኙኝ። ጭንቀት አንድ ጣት መርጦ ይገባል እንዴ?

ጎረቤቴ ናት የቆዳ ሐኪሙ ጋ የላከችኝ። (ልጅ እግር ነው፣ አንተ ብለው አይቀየመኝም።) ገና ሳልቀመጥ «ብርድ ያስነሳብሻል?» አለኝ። እስኪብርቶውን አነሳና በጫፉ ጥፍሬን ቀስ እያለ ነካ ነካ አደረገው። እዚህ ምንም፣ እዚያም ምንም፤ አንዷ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጮኼ ተነሳሁ። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አስሮ ነፋና ያችኑ ነጥብ ደገማት። ወላሂ አላመመኝም!

«ግሎመስ ቲዩመር ይመስለኛል» ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ካንሰር አይደለም» ብሎ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ቆዳችን ውስጥ ደም እየለቀቁ እየያዙ ሙቀት የሚያስተካክሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ጣት ጫፍ ላይ ይበዛሉ። አንዷ ስታብጥ ነው ይሄ ሁሉ ስቃይ። ብዙ ሰው ላይ አይታይም፣ ራጅም ላያሳየው ይችላል። መድኃኒቱ ማውጣት ነው፤ ሳይጨርሱ ከተዉት ተመልሶ ያድጋል።

ራሱ ደውሎ ከቀዶ ሐኪም አገናኘኝ። ጣቴን ብቻ አደንዝዘው፣ ጥፍሬን አንስተው አወጧት። አሳዩኝ እኮ፤ የምስር ክክ አታክልም! ላብራቶሪ ሄዳ እሷው መሆኗ ተረጋገጠ። ፋሻዬን ስትቀይር እያሳቀች ሕመሙን ያስረሳችኝን ነርስም አላህ ይስጥልኝ።

ጥፍሬ ወራት ፈጅቶ በቀለ፣ ትንሽ ሸንተረር አለው። ዛሬ ጠዋት ጀበናዬን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩ።

ዶክተሩ ስሜን እዚህ አታውጪ ስላለኝ ነው ያልጠራሁት። ጥፍሩ ሥር አንድ ነጥብ ላይ የሚያመው፣ ብርድ የሚያስነሳበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግራለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ወረፋው ረጅም ነው።