ለጅማ መንገድና ቤት፦ የሊዝ ጨረታ ወይስ የንብረት ታክስ?

ክረምት ሲገባ ሂርማታ ገበያ ጎራ በሉ። ቅቤ የምትሸጥ እናት እግሯን ጭቃ ውስጥ ተክላ ስትውል ሳይ አንጀቴን ትበላኛለች። ቦይና መንገድ ያስፈልጋል። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ከተማው መሬትን ለረጅም ዘመን በጨረታ ያከራይ (ሊዝ)፣ ወይስ ከባለቤቶች በቤታቸው ግምት ልክ በየዓመቱ ይሰብስብ (የንብረት ታክስ)?

ፍጥነት
ሊዝ፦ ቶሎ ይገባል። አሸናፊው ቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪውን በየዓመቱ።
ታክስ፦ ይዘገያል። አዋጁ የጸደቀው በ2017 ዓ.ም. ነው። ቤት መመዝገብና መገመት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ስጋት
ሊዝ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ የመኖሪያ ቦታ ዘመን 99 ዓመት ነው። ዛሬ የተሰጠ መሬት ለልጅ ልጆቻችንም አይመለስም። ከተማው ለሚቀጥለው ጨረታ ወደ ዳር ይወጣል፣ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ካሳ ይቀበላል። ከዚያ ውሃ፣ መብራትና መንገድ እስከ ዳሩ ሰፈር ድረስ መዘርጋት አለበት። ከጨረታው የተገኘው ብር እዚያው ያልቃል።
ታክስ፦ በጡረታ የሚኖሩ አባት የወረሱት ሰፊ ግቢ ውድ ተብሎ ቢገመት በምን ይከፍላሉ? ለእንዲህ ያለው ሰው እፎይታ ካልታሰበ ግፍ ነው።

ለየትኛው ሥራ?
ዳር ላይ አዲስ ሰፈር ለመክፈትና መኖሪያ ቤት ለመገንባት ሊዝ ይሻላል። መነሻ ብሩ በአንዴ ያስፈልጋል።
የፈረንጅ አራዳን ሰፈር ለማደስ፣ የሂርማታን ቦይ በየዓመቱ ለመጥረግ ግን ታክሱን እመርጣለሁ። መንገዱ ሲያምር የዙሪያው ቤት ዋጋ ይጨምራል፤ ከጭማሪው ጥቂቱ ወደዚያው መንገድ ይመለሳል። ቀበሌው ምን እንደተሰበሰበና የት እንደዋለ በር ላይ ከለጠፈ ደግሞ ሰዉ ሳያንገራግር ይከፍላል።