«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ»ን ከ1976 ጀምሮ በቅደም ተከተል እንደገና ማየት

ቢቢሲ ፎር የተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ጣቢያ በሚያዝያ 2011 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተሰኘውን የቆየ ሳምንታዊ የሙዚቃ ዝግጅት እንደገና ማሳየት ሲጀምር የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ከ35 ዓመት በፊት በዚያው ሳምንት የተላለፈውን ዝግጅት አምጥቶ ያሳያል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቀጣዩን ያሳያል። ዝነኞቹን ዘፈኖች ብቻ ለቅሞ ማቅረብ ይቀለው የነበረ ቢሆንም፣ በረጅሙ መንገድ መሄድን በመምረጡ ከልብ አመሰግነዋለሁ። እኔ ከ1976 ተነሥቼ በድጋሚ የተላለፈውን ሁሉ እስከ 1991 መጨረሻ ድረስ በተራ ለማየት ብዙ ወራት ወስዶብኛል፤ የምሰጠውም አስተያየት በዚህ አኳኋን ያየ ሰው አስተያየት ነው።

ዝግጅቱ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 1964 ሲሆን፣ ስቱዲዮውም በማንቸስተር ከተማ ዲከንሰን ሮድ ላይ የነበረ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገለገለ ሕንፃ ነበር። መጀመሪያ የታቀደው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢሆንም እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2006 ድረስ ዘለቀ። ይህን ያህል ዕድሜ የሰጠው፣ በእኔ እምነት፣ አቅራቢዎቹ ወይም የመድረኩ መብራት ሳይሆን ደንቡ ነው። በሳምንቱ ውስጥ በየሸክላ ቤቱ የተሸጡ ነጠላ ሸክላዎች ተቆጥረው የደረጃ ሰንጠረዥ ይወጣል፤ ዝግጅቱ ደግሞ ከዚያ ሰንጠረዥ ላይ ወደ ላይ የሚወጡትን ያቀርባል፤ ወደ ታች የሚወርድ ዘፈን አይቀርብም፤ አንድ ዘፈን በተከታታይ ሁለት ሳምንት አይደገምም፤ ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንደኛ የወጣው ብቻ ነው፤ እርሱም ምንጊዜም የመዝጊያው ዘፈን ይሆናል። በእርግጥ ከሚወጡት መካከል የትኞቹ እንደሚቀርቡ ፕሮዲዩሰሩ ይመርጥ ነበር። ነገር ግን የመጨረሻውን ዘፈን የሚወስነው ገንዘቡን አውጥቶ ሸክላ የገዛው ሕዝብ ነበር፤ ማንም ወደደውም ጠላውም ያ ዘፈን ይሰማል።

ይህ ደንብ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነው። ድጋሚ ስርጭቱ የተነሣበት የ1976 ጸደይ ብራዘርሁድ ኦፍ ማን የተባለው ቡድን ዩሮቪዥን የተሰኘውን የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ያሸነፈበት ወቅት ሲሆን፣ ያ ዘፈናቸው ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ተመልካቹ አራቱን ዘፋኞች፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፣ ያችኑ እግርን አጠፍ የምታደርግ እርምጃቸውን ይዘው ደጋግሞ ያገኛቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት ፈገግ ያሰኛል፤ በአራተኛው ያሰለቻል፤ በስድስተኛው ግን እንግዳ ነገር ይሆናል፤ ዘፈኑ የቤት ዕቃ ያህል ይለመዳል፤ ከዚያም «አባ» (ABBA) የተባለው የስዊድን ቡድን ዘፈን ተተክቶበት ሲቀር በቤት ውስጥ አንድ ነገር የጎደለ ይመስላል። የያኔው አድማጭ ሙዚቃን የኖረበት መንገድ ይህ ነበር፤ እኛ ዛሬ «የሰባዎቹ ምርጥ ዘፈኖች» እያልን በምናዳምጠው ስብስብ ውስጥ ግን ይህ ስሜት ጨርሶ የለም። ስብስቡ ዘመኑን በሙሉ ጎበዝ ያስመስለዋል። ዘመኑ ግን እንዲያ አልነበረም፤ አንድ ድንቅ ዘፈን ለመስማት ስድስት ደካማ፣ ሦስት መካከለኛና አንድ ጨርሶ ለሕፃናት የተሠራ የሚመስል ዘፈን መታገሥ ያስፈልግ ነበር።

ፐንክ የተባለው ፈጣንና ሸካራ የሮክ ሙዚቃ አመጣጥም እንዲሁ ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን እንደ ድንገተኛ ማዕበል ይተርኩታል። በዚህ ስርጭት የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ በግንቦት 1977 ዘ ጃም የተባሉት ሦስት ወጣቶች ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ጊታራቸውን እየነዘሩ ብቅ ይላሉ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያው አቅራቢው ፈገግ ብሎ የፍቅር እንጉርጉሮ ያስከትላል። ለብዙ ወራት አዲሱ ነገር በአሮጌው መካከል እንደ አንድ ጠብታ ቀለም ነው። ጠብታዋ ውኃውን ሁሉ እንዴት እንዳቀለመችው የሚገባው 1978ንና 1979ን በትዕግሥት የተከታተለ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ የዚህ ስርጭት ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው።

ከ1976 በፊት የተቀረጸ ቢሆንም፣ ስለ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» በተነሣ ቁጥር የማይቀረውን የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊን ምስል እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ሐምሌ 6 ቀን 1972 በተላለፈው ዝግጅት ቦዊ «ስታርማን»ን ሲዘፍን፣ በኅብረ ቀለም ያሸበረቀ ልብስ ለብሶ፣ ሰማያዊ ጊታር አንግቶ፣ ክንዱን በጊታር ተጫዋቹ በሚክ ሮንሰን ትከሻ ላይ ጣል ያደርጋል። ያን ምሽት ከቤታቸው ሆነው ያዩ በርካታ ልጆች በኋላ ሙዚቀኛ ሆነዋል፤ ምክንያታችን እርሱ ነው ብለውም ተናግረዋል። እኔ ግን ደጋግሜ ስመለከተው ዓይኔ የሚያርፈው ከመድረኩ ኋላ፣ ሹራብ ሰደርያ ለብሶ በሚጨፍረው ልጅ ላይ ነው። ልጁ ምንም አዲስ ነገር እየሆነ እንዳለ የሚያውቅ አይመስልም፤ ከዚያ በፊት ለቀረበው ዘፈን በጨፈረበት ጭፈራ ይህንንም ይጨፍራል። ምስሉን ታላቅ ያደረገው ቦዊ ብቻ አይደለም፤ ቦዊና ያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ መገኘታቸው ነው። ታዳሚው በየክፍሉ እንዲሁ ነው፤ ካሜራው ሲመጣ ገለል ይላል፣ አንዳንዱ ዘፋኙን ትቶ ራሱን በሞኒተር ላይ ይፈልጋል፣ አንዳንዷ የጓደኛዋን እጅ ይዛ በስልት ትወዛወዛለች። ከዘፋኞቹ ይልቅ ዘመኑን የሚነግሩን እነዚህ ናቸው።

ስለ ድምፁ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አዲስ ተመልካች ግራ ይጋባል። ዝግጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፕሌይባክ ይሠራ ነበር፤ ዘፋኙ ሸክላው ሲሰማ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በ1966 የሙዚቀኞች ማኅበር ይህንን ተቃውሞ አስቀረው፤ ከዚያ ወዲህ የሙዚቃው ቅጂ ለዝግጅቱ ተብሎ እንደገና እንዲቀረጽ፣ ወይም በጆኒ ፒርሰን የሚመራው የስቱዲዮው ኦርኬስትራ ዘፋኙን እንዲያጅብ ተደረገ። ኦርኬስትራው እስከ 1981 ድረስ ቆይቷል። ጥሩ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ኖታ ከፊታቸው እንደተቀመጠ በአጭር ጊዜ ይጫወታሉ። ሆኖም ከአሜሪካ ለመጡ የሶል ዘፋኞች ሲጫወቱ ቅር ያሰኛል፤ ቤዙ ወደኋላ ይጎተታል፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ የሠርግ አዳራሽ ቃና ይይዛሉ፣ ተቀባዮቹም ከዘፋኟ ስሜት ይልቅ ጥራት ላለው አነጋገር የሚጨነቁ ይመስላሉ። ባንዶቹ ደግሞ እንደገና እንዲቀርጹት የተባሉትን ቅጂ በብልሃት በዋናው ሸክላ ቅጂ ይተኩት እንደነበር ብዙዎቹ በኋላ ተናግረዋል፤ እውነትም በጆሮ ብቻ ሲፈረድ የብዙዎቹ ድምፅ ከሸክላው አይለይም። ስለዚህ ጊታሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይሰካበት ሲጮኽ ማየት የዚህ ዝግጅት የዘወትር መልክ ነው፤ እኔ በፍጥነት ለምጄዋለሁ።

ዘፋኙ ወደ ስቱዲዮው መምጣት ሲያቅተውስ? ቪዲዮ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ መልሱ ተወዛዋዦች ነበሩ። ከ1968 ጀምሮ ፓንስ ፒፕል የተባሉት ሴቶች፣ ለጥቂት ወራት ደግሞ ወንዶችም የነበሩበት ሩቢ ፍሊፐር፣ ከ1976 እስከ 1981 ድረስ ሌግስ ኤንድ ኮ፤ ውዝዋዜውን የምታቀናብረው ፍሊክ ኮልቢ ነበረች። ፓንስ ፒፕል የተሰናበቱት በሚያዝያ 1976 መጨረሻ ስለሆነ ድጋሚ ስርጭቱ የመጨረሻ ሳምንቶቻቸውን ብቻ ነው የሚደርስበት። ኮልቢ የግጥሙን ቃል ቀጥታ ወደ እንቅስቃሴ የመተርጎም ልማድ ነበራት፤ ከሁሉም የሚታወቀው በ1973 «ጌት ዳውን» («ውረድ») ለተሰኘው የጊልበርት ኦሱሊቫን ዘፈን የተሠራው ነው፤ ተወዛዋዦቹ ተደርድረው ለተቀመጡ እውነተኛ ውሾች ጣታቸውን እያወዛወዙ ይቆጧቸዋል። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ግን ልቤን የሚነካኝ ሥራው የሚጠይቀው ፍጥነት ነው፤ ሰንጠረዡ ማክሰኞ ይወጣል፣ ዝግጅቱ ረቡዕ ይቀረጻል፣ ሐሙስ ይተላለፋል። በዚያች ጠባብ ጊዜ ዘፈን ተመርጦ፣ ውዝዋዜ ተቀናብሮ፣ ልብስ ተሰፍቶ፣ ልምምድ ተደርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊት መቅረብ ነበረበት። ቪዲዮ ሲበዛ ይህ ሥራ ቀረ፤ ከ1983 በኋላ ያሉት ክፍሎችም በዚህ ረገድ ድሃ ናቸው።

ደንቡ ከቢቢሲ ከራሱ ጋር የተጋጨበት ጊዜም ነበር። በጥር 1984 ፍራንኪ ጎውስ ቱ ሆሊውድ የተባለው ቡድን ዘፈን «ሪላክስ» በግጥሙ ምክንያት በቢቢሲ ታገደ፤ ታግዶም ሳለ አንደኛ ወጥቶ አምስት ሳምንት ቆየ። በመሆኑም መዝጊያው አንደኛው ዘፈን የሆነ ዝግጅት ለአምስት ሳምንት አንደኛውን ሳያሰማ ለመዝጋት ተገደደ። እነዚያን ክፍሎች በተከታታይ ማየት አስተማሪ ነው፤ አቅራቢዎቹ ወደ መጨረሻው በቀረቡ ቁጥር ፊታቸው ላይ የሚታየው መሳቀቅ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ስለ እገዳው ከንቱነት ይናገራል።

ከ1991 መጸው ጀምሮ ዘፋኞች በስቱዲዮው ውስጥ በቀጥታ ድምፃቸው እንዲዘፍኑ ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ውጤቱ ግን የብዙዎችን ድክመት አጋለጠ። በዚያው ኅዳር ወር ኒርቫና የተባሉት የአሜሪካ ሮክ ሙዚቀኞች ሲቀርቡ ሙዚቃው የተቀረጸ፣ ድምፁ ብቻ ቀጥታ እንዲሆን ተነገራቸው፤ ዘፋኛቸው ከርት ኮቤይን በተቃውሞ ድምፁን ወደ ታች አውርዶ በጎርናና ቃና ዘፈነው፤ ጊታሩንም ለይምሰል ብቻ እየዳሰሰ ማስመሰሉን በግልጽ አሳየ። ያ ዓመት ካናዳዊው ዘፋኝ ብራያን አዳምስ 16 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ የሆነበት ዓመትም ነውና፣ ለመዝጊያው ያለኝ ትዕግሥት የተሟጠጠው እዚያ ላይ እንደሆነ እመሰክራለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ፤ ከባዱን አስቀድማለሁ። የመጀመሪያውን ዝግጅት ያቀረበውና ለብዙ ዓመታት የተመላለሰበት ጂሚ ሳቪል ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ይፋ ወጣ፤ እርሱ ያቀረባቸው ክፍሎችም ከስርጭቱ ተነሡ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ያን ፊት በምሽት መዝናኛ ላይ እንደገና ማየት የለባቸውም። በሌሎቹ ክፍሎችም ቢሆን አቅራቢው ወጣት ሴቶችን በግራና በቀኝ አቁሞ፣ ክንዱን በትከሻቸው ላይ ጥሎ የሚናገርበት ልማድ አለ። እኔ እነዚህን ትዕይንቶች በቀላል ልብ ማየት አልቻልኩም፤ ብዙ ጊዜ ከአቅራቢው ይልቅ የልጅቷን ፊት እመለከታለሁ።

ሁለተኛው የአቀራረብ ጉድለት ነው። በድጋሚ ስርጭቱ የመጀመሪያ ዓመታት ምሽት ላይ የሚተላለፈው ቅጂ ለግማሽ ሰዓት እንዲበቃ የተቆረጠ ሲሆን ሙሉው በሌላ ሰዓት ይመጣ ነበር። የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ደካማው ዘፈን ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ግን ደካማው ዘፈን የነገሩ ግማሽ ነው። የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ ሙሉውን መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛውን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። በ1960ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ የተላለፉ ዝግጅቶችን እያጠፋ በላያቸው ሌላ ይቀርጽ ነበር፤ ከዚያ አሥርት ዓመት ሙሉ ሆነው የተረፉት ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢትልሶች በሰኔ 1966 ራሳቸው ስቱዲዮው ድረስ መጥተው ያቀረቡት ጠፍቷል። ከዚያ የተገኘው፣ አንድ ቤተሰብ በዚያ ምሽት በቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ካሜራ ደቅኖ የቀረጸው፣ በ2019 ይፋ የሆነ 11 ሴኮንድ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ቁርጥራጩን አይቼዋለሁ፤ ምስሉ ይርገበገባል፣ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይታያል፣ አራቱ ሰዎች እንደ ጥላ ይንቀሳቀሳሉ።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው ከ1978 መጀመሪያ እንዲነሣ ነው፤ በዚያ ዓመት እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኬት ቡሽ በ19 ዓመቷ አንደኛ ትወጣለች፣ ዲስኮና ፐንክ በአንድ መድረክ ይፈራረቃሉ፣ ሌግስ ኤንድ ኮም በሙሉ አቅማቸው ላይ ናቸው። ከዚያ እስከ 1982 መጨረሻ ያሉት አምስት ዓመታት ከሁሉም የሚበልጡ ናቸው። በሳምንት ከሁለት ክፍል በላይ አያስፈልግም፤ ሲበዛ ሳምንታቱ ይደባለቃሉ፤ አንድ ዘፈን ከ30ኛ ወደ 12ኛ፣ ከዚያም ወደ 3ኛ ሲወጣ መጠበቅም አይቻልም።