ለተጠራጣሪ ተመልካች ይበጃልን? የኤንኤፍኤል ፕላስ ፕሪሚየም ግምገማ

ኳሱ በእጅ የሚወረወርበት የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ለአገሩ ተመልካቾች የጀመረው ኤንኤፍኤል ፕላስ ሁለት ደረጃዎች ያሉት የክፍያ አገልግሎት ነው። እዚህ የምገመግመው ፕሪሚየም የተባለውን ከፍተኛውን ደረጃ፣ በተለይም «የአሠልጣኞች ፊልም» የሚባለውን ክፍል ነው። አንድ ትልቅ ጨዋታ በተጠናቀቀ ቁጥር «ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው» የሚል ጥርጣሬ ይነሳልና፣ ይህ ፊልም ጥርጣሬውን ለመመርመር ምን ያህል እንደሚያገለግል ማወቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ይከተላል፤ ስለዚህ ኳሱ ያልደረሰው ተቀባይና ተከላካዩ ምን እንዳደረጉ፣ ዳኛውም የጥፋት ምልክት የሆነውን ቢጫ ጨርቅ ለምን እንደወረወረ ወይም እንዳልወረወረ ብዙ ጊዜ ከእይታ ውጭ ይቀራል። የአሠልጣኞች ፊልም ግን ከከፍታ ላይ፣ ከጎንና ከሜዳው ጫፍ ተቀርጾ 22ቱንም ተጫዋቾች በአንድ ላይ ያሳያል። ተንታኝም የደጋፊ ጩኸትም ስለሌለው፣ ተመልካቹ የሌላ ሰው ቁጣ ሳይጋባበት አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሊያጤን ይችላል። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃት መሪ፣ ኳሱን ሆን ብሎ ለተጋጣሚ የሰጠ የሚመስልበት ቅጽበት ከላይ ሲታይ፣ ተቀባዩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ኳሱ ወደ ውጭ የተወረወረበት፣ ማለትም ሁለቱ ያልተግባቡበት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ፊልሙን ከልቤ አደንቀዋለሁ፤ «ጨዋታውን ሸጠው» ከሚሉት ክሶች ብዙዎቹ ይህን ምርመራ አይሻገሩምና።

የዳኞችን ጉዳይ ስናነሳ ግን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስና ሎስ አንጀለስ ራምስ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ለሆነው ሱፐር ቦውል ለማለፍ ሲጫወቱ፣ የራምሱ ኒኬል ሮቢ-ኮልማን የሴይንትሱን ተቀባይ ቶሚሊ ሉዊስን ኳሱ ሳይደርስ በግልጽ ገጨው፤ ጨርቅ ግን አልተወረወረም። ራምስም በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። ስህተቱ ለሁሉም ግልጽ ስለነበር ሊጉ እንዲህ ያለው ጥፋት በምስል እንዲገመገም ፈቅዶ፣ ደንቡን ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተወው። በምስል የሚታየው ስህተቱ ነው፤ ዳኛው ያላየው ይሁን አይቶ ያለፈው ከየትኛውም ማዕዘን ቢቀረጽ አይታወቅም። ተቃራኒውም አጋጥሟል፦ በ2023ቱ ሱፐር ቦውል መጨረሻ ላይ በፊላዴልፊያ ኢግልስ ላይ የተሰጠው ቅጣት ብዙ ሐሜት አስነስቶ ሳለ፣ የተቀጣው ጄምስ ብራድቤሪ ራሱ ተጋጣሚውን መያዙን አምኗል።

ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1946ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ዋዜማ ሁለት የኒው ዮርክ ጃያንትስ ተጫዋቾች በአንድ ቁማርተኛ ጉቦ ቀርቦላቸው ነበር። በ1963 የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል ተጫዋቾቹን ፖል ሆርኑንግንና አሌክስ ካራስን በውርርድ ምክንያት አገዱ፤ በ2022ም ተጫዋቹ ካልቪን ሪድሊ በተመሳሳይ ጥፋት ሙሉ የውድድር ዘመን ታግዷል። ከእነዚህ አንዱም የሜዳ ምስል በማየት የተገኘ አይደለም። ጉዳዮቹን የሚያወጡት የገንዘብና የውርርድ መረጃ እንዲሁም የምስክር ቃል ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በአገልግሎቱ ውስጥ የሉም።

ትልቁ ቅሬታዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሊጉ በ2021 ከውርርድ ኩባንያዎቹ ከሲዛርስ፣ ከድራፍትኪንግስና ከፋንዱኤል ጋር የውርርድ አጋርነት ተፈራርሟል፤ የፊልሙ ባለቤትም ራሱ ሊጉ ነው። ፊልሙ እንቅስቃሴው ሲያበቃ ስለሚቆረጥ ዳኞቹ ተሰብስበው ሲመካከሩ አይታይም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሊጉ ለእያንዳንዱ ዳኛ የሚሰጠው የብቃት ምዘናም ለሕዝብ አይገለጽም። ከውርርድ ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ቢያንስ የዳኞቹን ምክክርና ምዘናቸውን ከፊልሙ ጋር ማቅረብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋው ሲጀመር በወር 9.99 ዶላር የነበረ ሲሆን በ2023 ወደ 14.99 ከፍ ብሏል፤ በዚያው ዓመት ነጥብ ሊቆጠር የተቃረበባቸውን ቅጽበቶች ከየጨዋታው እያፈራረቀ የሚያሳየው ሬድዞን የተባለው ጣቢያ ተጨምሮበታል። የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ በትዕግሥት ለሚያጠና ሰው ክፍያው ተገቢ ነው። የዳኞችን ንጽሕና ለማረጋገጥ ወይም ለማፍረስ ብቻ ለሚፈልገው ግን እንዲገዛው አልመክርም።