«ትለምጂዋለሽ» የተባልኩበት መነጽር

ከ4 ሳምንት ፈቃዴ ውስጥ 17ቱን ቀን የበላብኝ አንድ መነጽር ነው። ለኮምፒውተር ሥራ ብዬ አሠራሁት፤ ደርሶ እጄ ሲገባ ኮምፒውተሩን አላሳይ አለኝ። «ትለምጂዋለሽ» ብለው ሸኙኝ፤ እኔም አምኜ 4 ቀን ታገልኩት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለዕረፍት ሀገር ቤት ስትገቡ መነጽር ለማሠራት ላሰባችሁ ነው። የሚለመድ ችግር አለ፣ የማይለመድም አለ፤ ሁለቱን ሳልለይ ብዙ ተንገላታሁ። የተበደልኩበትን ብቻ ግን አልናገርም። ምርመራውም ሆነ በመጨረሻ ያገኘሁት እርዳታ ውጭ ኖሬ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል።

ዕድሜዬ 53 ነው፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ሂሳብ መመዝገብ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ከሩቅ ወደ ቅርብ እንደ ልብ መቀያየር ያቅተዋል። ለሩቅ የማደርገው መነጽር ድሮም ነበረኝ፤ ቅርቡ ሲያስቸግረኝ በምኖርበት አገር ፕሮግሬሲቭ አዘዙልኝ፤ ከላይ ሩቁን፣ ከመሃል መካከለኛውን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳየውን ማለት ነው። ለመንገድና ለገበያ ጥሩ ነው። ስክሪን ፊት ግን የመካከለኛው ቦታ ጠባብ ነውና ፊደሉ እንዲጠራልኝ አገጬን ቀና አድርጌ መቀመጥ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ ማታ ማታ አንገቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። መርምረው መነጽሩን ያዘዙልኝ ሰዎች ስክሪኔ ከዓይኔ ምን ያህል እንደሚርቅ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም።

እዚያ ሌላም የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ሌንስ እየቀያየሩ «አንደኛው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው?» ሲሉኝ ልዩነቱ ይታየኛል፤ የምገልጽበት ቃል ግን አይመጣልኝም። ጊዜውም አጭር ነው፣ ከውጭ የሚጠብቅ ሰው አለ። ስለዚህ አንዱን ጠርቼ እገላገላለሁ። ሀገር ቤት የዓይን ሐኪሟ ፊት ስቀመጥ አፌ ተፈታ። «ይሄኛው ጠቆረ እንጂ አልጠራም» አልኳት። «እዚህ ላይ ፊደሉ ጥላ አለው፤ እዚያኛው ላይ መጀመሪያ ጥርት ይልና ወዲያው ይሟሟል» አልኳት። እሷም እያንዳንዱን ቃል እየያዘች ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ሌላ ሌንስ ትጨምራለች፣ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ከ20 ዓመት በላይ በሰው ቋንቋ ታክሜ ኖሬ ስለ ገዛ ዓይኔ በአማርኛ ስናገር እንባ ተናነቀኝ። ምንም አላለችኝም፤ መብራቱን አብርታ ዓይኔን እስክጠርግ ጠበቀችኝ።

ከዚያ «ስክሪንዎ ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ። አላውቅም። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ከአፍንጫዋ እስከ ስክሪኑ በሜትር ለካችልኝና 65 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሐኪሟ ስሌቱን በወረቀት አሳየችኝ። አንድን በሜትር በተለካው ርቀት ማካፈል ነው፤ ለ65 ሳንቲ ሜትር አንድ ተኩል ገደማ ፓወር፣ ማለትም የሌንስ ጉልበት፣ ይመጣል፣ መጽሐፍ ለምንይዝበት 40 ሳንቲ ሜትር ሁለት ተኩል። ከዚህ ላይ ዓይኔ ራሱ የሚችለውን ትንሽ ቀንሳ፣ የቀረውን በሩቁ ፓወር ላይ ደምራ ሦስት መስመር ጻፈችልኝ፦ ለሩቅ +2.00፣ ለኮምፒውተር +3.25፣ ለንባብ +4.25። የኮምፒውተሩን ከሥሩ አሠመረችበት። ለምን ሦስት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የንባብ መነጽር ስክሪን ላይ አይደርስም፤ የኮምፒውተሩም ከጠረጴዛው ባሻገር ስለሚያደበዝዝ ተነስቶ ለመሄድ አይሆንም፣ መኪና ለመንዳትማ ጭራሽ።

ምርመራው ይህ ነው፤ እንከን የለውም። የተሰበርኩት መነጽር ቤቱ ላይ ነው።

ሰኞ ገባሁ። ፍሬም አስመረጡኝ፣ ብሉ ከት (ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንስ ሌንስ) ይሁንልሽ አሉኝ፣ ሙሉውን አስከፈሉኝ። ማስመሪያ ይዞ የብሌኔን ልክ፣ ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው ያለውን ርቀት፣ ይወስዳል ብዬ ስጠብቅ ልጁ ማዘዣውን በስልኩ ፎቶ አነሳና «ሐሙስ ይደርሳል» አለኝ። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። እንግድነት ይዞኝ፣ አሠራራቸው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ሄድኩ፤ ሌንሱ አልመጣም፣ ሰኞ ነይ። ሰኞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ረቡዕ ነይ። ረቡዕ የሚቆርጠው ልጅ አልገባም። «መምጣት አያስፈልግሽም፣ እኛው እንደውላለን» አሉኝ፤ አልደወሉም። ቅዳሜ ሄጄ ስጠይቅ አንደኛው ሌንስ ሲቆረጥ ተሰነጠቀ ተባለ። ማክሰኞ ደርሷል ብለውኝ ስሄድ የደረሰው የሌላ ሰው ነበር። እጄ የገባው በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ባዘዝኩ በ17ኛው ቀን ነው። በእያንዳንዱ ምልልስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያመመኝ ደግሞ ምልልሱ ብቻ አይደለም። የታመመች አክስቴን ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ልመለስ ነበር፤ «ነገ ይደርሳል» ስለሚሉኝ ከዛሬ ነገ እያልኩ አንድ ቀን ብቻ ውዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ «ሁለት ሳምንት ይፈጃል» ብለው እውነቱን ቢነግሩኝ ወይ ተስማምቼ እጠብቃለሁ፣ ወይ ሌላ ቦታ አሠራለሁ፣ አክስቴንም እጠግባታለሁ። በምኖርበት አገር ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ይጠበቃል፣ እሱን አላወድስም። ግን 10 ቀን ይፈጃል ካሉ በ10ኛው ቀን ስልክ ይደወላል። የፈቃድ ቀኑን ቆጥሮ ለመጣ ሰው «ነገ» የሚለው ቃል በጣም ከባድ ነው።

መነጽሩን እዚያው አጠለቅኩት። ወለሉ ተነስቶ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። «አዲስ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ፤ ይህ ውሸት አይደለም። አዲስ ፓወር ነገሩን ትልቅና ቅርብ ያደርገዋል፣ ደረጃ ስንወርድ እግራችንን ያጠራጥረዋል፣ ጭንቅላት ስናዞር ዳር ዳሩ የሚዋኝ ይመስላል። አእምሯችን ቀስ በቀስ ያስተካክለዋል፤ ጥቂት ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በዚህ አምኜ የልጄን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቼ በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ልምምድ ጀመርኩ።

የእኔ ግን ሌላ ነበር። በ65 ሳንቲ ሜትር ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ የሚጠራልኝ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አስግጌ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስደርስ ነው። ግማሽ ሰዓት ስሠራ ግንባሬን ከውስጥ ይወጥረኛል፤ ሁለቱ ዓይኖቼ ወደ አፍንጫዬ እየተጎተቱ ይመስለኛል። አንዱን ዓይን በእጄ ስሸፍን ይቀለኛል፣ ሁለቱንም ስከፍት ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀንና በአራተኛው ቀን መካከል አንዳች ልዩነት አልነበረም፤ እንዲያውም ባሰ። የምነግራችሁ ዋናው ነገር ይህ ነው። የሚለመድ ነገር በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። የማይቀንስ፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚብስ፣ አንድ ዓይን ሲሸፈን የሚጠፋ ከሆነ ዓይናችሁን አትውቀሱ፣ መነጽሩን አስመርምሩ።

በአምስተኛው ቀን ዘመድ የነገረችኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባሁ። ውስጡ አንድ ወጣት ባለሙያ ብቻውን ይሠራል። ነገሩን ሳልጨርስለት «ይስጡኝ እትዬ» ብሎ መነጽሩን ሌንሶሜትሩ፣ የሌንስ ፓወር የሚለካው መሣሪያ፣ ላይ አደረገው። የሁለቱንም ሌንስ መሃል ፈልጎ በቀለም ነጥብ ምልክት አደረገበት፣ በማስመሪያ ለካ፣ ጻፈ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ የብሌኔን ልክ ወሰደ፤ መጀመሪያ ሩቅ እንዳይ አደረገኝ፣ ቀጥሎ የገዛ አፍንጫውን።

ከብሌን እስከ ብሌን ሩቅ ሳይ 61 ሚሊ ሜትር፣ ቅርብ ሳይ 58 ሆነ። የሌንሶቹ መሃል ግን 66 ላይ ተቀምጧል። ፓወሩም +4.25፣ የንባቡ መስመር ነው። ሐኪሟ ያሠመረችበትን መስመር ዘለውታል።

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሌንስ ብርሃኑን ሳያጣምም የሚያሳልፈው በመሃሉ ብቻ ነው፤ ከመሃሉ በራቅን ቁጥር እንደ ፕሪዝም፣ ብርሃን እንደሚያጣምም ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት፣ ሆኖ ምስሉን ወደ ጎን ይገፋል። ምን ያህል እንደሚገፋ ለማወቅ ከመሃሉ የተራቀበትን በሳንቲ ሜትር ወስዶ በፓወሩ ማባዛት ነው። የእኔ በየዓይኑ 4 ሚሊ ሜትር ስቷል፤ 0.4 በ4.25 ሲባዛ 1.7፣ ለሁለቱ ዓይን 3.4 ፕሪዝም። የእኔ ዓይነቱ፣ መሃሉ ወፍራም የሆነ ሌንስ መሃሎቹ ተራርቀው ሲቀመጡ ዓይኖች ነገሩን አንድ አድርገው ለማየት ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ መዞር አለባቸው። ቀኑን ሙሉ። ወደ አፍንጫዬ የሚጎትተኝ እሱ ኖሯል። «እና አይለመድም?» አልኩት። «ዓይንዎ ይታገሰው ይሆናል፤ መታገስና መልመድ ግን አንድ አይደለም» አለኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ለምርመራው አላስከፍልም አለኝ፤ ብለምነውም እምቢ አለ።

ፍሬሙ ጥሩ ነው ብሎ ሌንሱን ብቻ ለመቀየር ተስማማን። ሥራ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ ሳይል አላለፈም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ እጄን ኪቦርድ ላይ እንዳለ አስዘረጋኝ፣ ዓይኔ ሌንሱን የሚያቋርጥበትን ከፍታ ምልክት አደረገ። በሁለት ቀን ይደርሳል አለኝ፣ በሁለት ቀን ሰጠኝ። ከመውሰዴ በፊት እንደገና ሌንሶሜትሩ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ራሴ እንዳነበው አደረገኝ፤ የአፍንጫ መደገፊያውን አጠበበ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል ከፍ ይል የነበረውን እጀታ አሙቆ አጎበጠው። ላፕቶፑን 65 ሳንቲ ሜትር ላይ አስቀምጦ አንድ ገጽ አስነበበኝ። አንገቴ ቀጥ እንዳለ፣ አገጬ ሳይነሳ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት ዓመት ያላደረግኩት ነገር ነው።

ወደ መጀመሪያው መነጽር ቤት ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ሥራው የተቆረጠ ነው አይመለስም አሉኝ፤ ከሥሩ የተሠመረውን መስመር ሳሳያቸው «እንደገና እንሥራልሽ፣ 10 ቀን ስጪን» አሉ። አውሮፕላኔ በማግሥቱ ነበር። ገንዘቤ እዚያው ቀረ። ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ይቆጨኛል።

ስለ ብሉ ከትም ልናገር፤ አጥብቀው የሚሸጡት እሱን ነውና። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2023 17 ሙከራዎችን አይቶ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንስ ሌንስ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ በኮምፒውተር የሚመጣን የዓይን ድካም ከተራው ሌንስ ይበልጥ እንደማይቀንስ ነው ያገኘው። ከጀርባ የሚመጣ መብራት ሌንሱ ላይ እንዳያብለጨልጭ የሚያደርገው አንቲ ሪፍሌክሽን ግን ለእኔ በግልጽ ጠቅሞኛል። ወጣቱም የመከረኝ እሱን ብቻ ነው።

አሁን ተመልሼ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ይህኛውንም መልመድ ነበረብኝ፤ የመጀመሪያው ቀን ኪቦርዱ ከፍ ያለ መሰለኝ፣ የስክሪኑ ጠርዝ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ታየኝ። በሁለተኛው ቀን ቀነሰ፣ በአምስተኛው ረሳሁት። በመሃል ወደ አሮጌው ፕሮግሬሲቭ እየተመለስኩ ሁለቱን እንዳልቀላቅል ሐኪሟ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ስሆን ይህን ብቻ፣ ስነሳ ያንን ብቻ አደረግኩ። የስክሪኑን የላይ ጠርዝ ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ከመስኮቱ ውጭ፣ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ራቅ ያለ ነገር አያለሁ። ዓይኔንም አስቤ እጨፍናለሁ፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ያነሰ ስለሆነ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። ለካስ ስንት ጊዜ የመነጽሩ ጥፋት የመሰለኝ ማቃጠል ድርቀቱ ነበር።

የማዘዣው ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሐኪሟ በእጇ «ለኮምፒውተር፣ 65 ሳ.ሜ.» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩ ወጣቱ 61 እና 58 ብሎ የብሌኔን ልክ ጨምሮበታል። ሌንሱ ሲጫር እዚህ ይህንን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ዓይኔ ሲቀየር ግን እሷው ጋ ተመልሼ እታያለሁ፤ መነጽሩንም በገባሁ በመጀመሪያው ቀን እዚያችው ጠባብ ክፍል አዛለሁ።