ቀርከሃ ወይስ ዋንዛ፣ ጋቢ ወይስ ባና፦ በጎጃም ቤት የሚበረክተው የቱ ነው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራ ሲደርስ ዳርና ዳሩ የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ነው። ዋጋው ከእንጨቱ ይቀንሳል፣ ሸክሙ ቀላል ነው፣ ሲያዩትም ያምራል፤ መንገደኛው መኪና አስቁሞ ጭኖ ይሄዳል። ያ ወንበር ባሕር ዳር ወርዶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ሲውል ግን እግሩ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም «ቀርከሃ አይበረክትም» ብሎ ይፈርድበታል። ፍርዱ ያሳዝነኛል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጉምና በዝናብ ያደገን ነገር 1,800 ሜትር ላይ ለበጋ ፀሐይ አጋልጦ ጥፋቱን በቀርከሃው ማላከክ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ዕቃዎችን የማነጻጽረው በሚጠይቁት እንክብካቤ ነው። ያን እንክብካቤ የእርስዎ ቤት ሊሰጥ ይችላል ወይ? ጎጃም ውስጥ ከተፈጥሮ የተሠራ ዕቃን የሚያበላሹት የክረምቱ እርጥበት፣ የበጋው ድርቀት፣ እንዲሁም በሁለቱም ወቅት የማያርፉት ነቀዝ፣ ምስጥና ብል ናቸው። የትኛው ጠላት ወደ እርስዎ ቤት እንደሚበረታ ካወቁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ወንበርና ጠረጴዛ

ቀርከሃ ከውጭ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ውስጡ ግን ነቀዝ የሚወደው ስታርች አለበት። ወንበሩ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ነገር ካዩ፣ አገዳው ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ ካገኙ ነቀዙ ገብቷል። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው ለጋ ቀርከሃ ተቆርጦ ሲሠራ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠው፣ ከመገጣጠሙም በፊት ውኃ ውስጥ የከረመው ወይም ጢስ የጠገበው ቀርከሃ ከነቀዝ በእጅጉ ይድናል። ሻጩን ይህን ይጠይቁት። ከዚያም በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ የበሰለው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ለጋው ይደነቁራል። መጋጠሚያውንም ይዩ። ሚስማር ቀርከሃን ከዚያው ከተመታበት ይሰነጥቀዋል፤ ተበስቶ በእንጨት ችካል የተያያዘ ወይም በጠፍር የታሰረ መጋጠሚያ ዕድሜ አለው። ቀዳዳ የወጣበትን ዕቃ ቫርኒሽ ቀብተው «አዲስ ነው» ቢሉዎት አይግዙ፤ ቫርኒሹ ውስጥ ያለውን ነቀዝ አይገድለውም።

ዋንዛ ሌላ ነገር ነው። ቡናማው የመሐል እንጨት ምስጥ የሚችል፣ ለመጋዝም ለመላጊያም የሚታዘዝ፣ በደንብ ከደረቀ የማይጣመም ነው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ ነቀዝ ይገባበታል። ስለዚህ የዋንዛ ጠረጴዛ ሲገዙ ፊቱን ብቻ አይዩ፤ ተገልብጦ ሆዱ ይታይ። ከላይ ቡናማ ከታች ነጭ ከሆነ ዋጋው መቀነስ አለበት። ባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጽድ ቀለም ተቀብቶ በዋንዛ ስም የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ባሕር ዛፍ ሲያነሱት ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፤ የፈረንጅ ጽድ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ይጫራል፣ ሽታውም ያሳብቅበታል። የፈረንጅ ጽድ መጥፎ እንጨት አይደለም፤ ለመደርደሪያና ለሕፃን አልጋ እኔም እመርጠዋለሁ፤ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ። ግራቪሊያም እንዲሁ።

ዋንዛው ከየት እንደመጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እየተመናመኑ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ገበሬ በማሳው አሳድጎ የሸጠው ዋንዛና ከደን ተሰርቆ የወጣው ዋንዛ አናጺው ደጅ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ገዢ ካልጠየቀ ማንም አይለያቸውም።

ትልቁ ጥያቄ ግን የእንጨቱ መድረቅ ነው። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ተደርድሮ፣ ጥላ ውስጥ አየር እየገባው አንድ ዓመት ገደማ ቢደርቅ ይመረጣል። አናጺው «የደረቀ ነው፣ ይመኑኝ እትዬ» ካለ «እስቲ ጣውላው የተደረደረበትን አሳየኝ» ይበሉት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየምም፤ ደስ ብሎት ወደ ጓሮ ይወስድዎታል።

ምርጫዬን ልናገር፦ ኪራይ ቤት እየቀያየረ ለሚኖር፣ በተለይ እንጅባራ ባለችበት በአዊ ውስጥ ወይም ደብረ ማርቆስ አካባቢ ላለ ሰው የቀርከሃ ወንበር ይሻለዋል። ባሕር ዳር የራሱ ቤት ላለው ጠረጴዛውና አልጋው ዋንዛ ቢሆን፣ ቀርከሃውም ቤት ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ቢገባ ጥሩ ነው። ወለሉ አፈር ወይም እርጥበት የሚስብ ሲሚንቶ ከሆነ የሁለቱም እግር ሥር የጎማ ቁራጭ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባበት። ይህቺ ትንሽ ነገር ከየትኛውም ቅብ ትበልጣለች።

ቫርኒሽ ወይስ ሰም?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ በማርና በኑግ በሚታወቅ አገር እንጨታችንን ውድ ቅብ ብቻ እየቀባን መኖራችን ይቆጨኛልና።

ቫርኒሽ ከእንጨቱ በላይ ሽፋን ይሠራል። ውኃ አያስገባም፣ ለመወልወልም ይመቻል፤ ልጆች ላሉበትና ምግብ ለሚበላበት ጠረጴዛ ይህ ጥቅም ትልቅ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ሲጫር ነው። በተጫረው በኩል እርጥበት ይገባል፣ ሽፋኑ ይነሳል፣ ያን ጊዜ የተጫረውን ብቻ መጠገን አይቻልም፤ ሙሉውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል።

ዘይትና ሰም እንጨቱ ውስጥ ይገባሉ። የኑግና የተልባ ዘይት በአየር ቀስ በቀስ ይደርቃሉ፤ የምግብ ዘይት ሁሉ እንዲህ አይደለም። ቅቤ ደግሞ ጨርሶ አይቀባም፤ ይገማል፣ ጉንዳንም ይጠራል። አሠራሩ ይህ ነው፦ የተጣራ የንብ ሰም አንድ እጅ፣ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ሦስት እጅ። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ በፈላ ውኃ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቅለጥ፣ ዘይቱ ይቀላቀልበት፣ ይቀዝቅዝ። በጨርቅ በጣም ስስ አድርገው ያሹት፤ በማግስቱ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። ወፍራም ከቀቡት ለብዙ ቀን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራም ይይዛል። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢደገም ይበቃል፤ የተጫረ ቦታ ቢኖር ያችኑ ቦታ ብቻ ማሸት ይቻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የንብ ሰም 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ከእሳት የወረደ ጀበና በቀጥታ ከተቀመጠበት ምልክት ይተዋል። የቡናው ቦታ ረከቦት ወይም ማቶት ይኑረው። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ በሚደርቅ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ራሱን እያሞቀ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲጨርሱ ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ጠፍር አልጋና ርብራብ አልጋ

ጠፍር አልጋ ከጥሬ የከብት ቆዳ በተቆረጠ ጠፍር የተጠላለፈ ነው። አየር ያስገባል፣ ከሰውነት ጋር ይስማማል፣ ጠፍሩም ሲላላ ይጠበቃል፤ አንድ ጠፍር ቢበጠስ ያችው ብቻ ትቀየራለች። ነገር ግን ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ክረምት ላይ አልጋው መሐሉ ይሰረጉዳል። በሐምሌ አያጥብቁት፤ እርጥብ እያለ የተወጠረ ጠፍር በበጋ ሲሰበሰብ ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ የአልጋውን ጠርዝ ያጣምመዋል። ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ አየሩ ሲደርቅ ይጠበቅ። አይጥ ያለበት ቤት ግን ጠፍር አልጋ አይመከርም፤ ቆዳውን ትበላዋለች። ትኋንም በጥልፍልፉ መሐል መደበቂያ ያገኛል።

የእንጨት ርብራብ ያለው አልጋ ይህ ሁሉ ሥራ የለበትም፤ ፍራሽ ግን ይፈልጋል፣ የርብራቡ ክፍተት ጠባብ ካልሆነም ፍራሹ ይጎብጣል። ለእንግዳ ክፍል ጠፍር፣ በየቀኑ ለሚተኛበት ርብራብ እላለሁ። ቤቱ ደረቅ ከሆነና አጥባቂ ባለሙያ ቅርብ ካለ ግን ጠፍሩን ለራስዎ ያድርጉት።

ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ ባና፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ

መጀመሪያ የተሸጠልዎት ነገር ምን እንደሆነ ይወቁ። ከዘርፉ አንዲት ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይሆናል። ሱፍ ይኮማተራል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ሲያርቁት ይጠፋል። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም ጠንካራ ጠጠር ይሆናሉ። ሐቀኛ ነጋዴ ይህን አይከለክልም።

የጋቢ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል ነው ወይ?» ብሎ ነው። የእጅ ፈትል ክሩ ወፈር ቀጠን ይላል፤ ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ ግን በየቀኑ ለሚለበስና በየጊዜው ለሚታጠብ ይበልጥ ይበረክታል፤ በሽመናም በእጥበትም ጫናውን የሚሸከመው ድሩ ነውና። ለበዓል ሙሉ ፈትል፣ ለአዘቦት ድብልቁን ቢይዙ ገንዘብዎ በከንቱ አይወጣም።

ቡሉኮ ለደብረ ማርቆስና ለጮቄ ተራራ ብርድ የሚመች ከባድ የጥጥ ልብስ ነው። ችግሩ እጥበት ላይ ነው፤ በነሐሴ ከታጠበ ቀናት ሳይደርቅ ይከርምና ይሻግታል። ስለዚህ እጥበቱ በበጋ ይሁን፤ በክረምት ፀሐይ ብልጭ ሲል ማናፈስ ብቻ ይበቃዋል። ባሕር ዳር ላለ ሰው ቡሉኮ አያስፈልገውም፤ ጋቢና ጥሩ የጥጥ አንሶላ ይበቃዋል።

ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ በመሆኑ እርጥብ አየር ውስጥም ሙቀቱን ይይዛል። ነገር ግን ብል የሚያጠቃው እሱን ነው። የብል ትል ሱፍን ይበላል፤ ንጹሕ ጥጥን ግን ብዙም አይነካም። ብል ጨለማና ጸጥታ ይወዳል፤ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ዓመት የከረመ ባና መኖሪያው ነው። በወር አንዴ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያራግፉት፣ ስፌቱንና እጥፋቱን በብሩሽ ይጥረጉ፣ ሳያጸዱ ሣጥን አይክተቱት። ሲያጥቡት በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ፣ ሳያሹ፤ ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ አይመለስምም። በረኪና ደግሞ ሱፍን ያሟሟዋል።

ከፖሊስተር ወይም ከአክሪሊክ የተሠራው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይረክሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብል አይበላውም። ክረምቱ ረጅም በሆነበት፣ ሕፃን በሚያረጥብበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የከሰል ፍንጣሪ ሲያርፍበት ግን ይቀልጣል፤ ምድጃ አጠገብ ለሚተኛ ሰው አልመክረውም።

ጋቢ እንዴት ይታጠብ? ለብ ባለ ውኃ፣ ሳሙናው ቀድሞ ተሟሙቶ። ጥበብ ካለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ከወጣ የሚያስለቅቀው የለም። አይጠመዘዝ፤ ተጠቅልሎ ይጨመቅ። ሲሰጣ ሚስማር ላይ አይንጠልጠል፤ ወፍራም ገመድ ላይ በሰፊው ይዘርጋ፣ ጥበቡ ከፀሐይ ይገልበጥ። በረኪና ጋቢን ያነጣዋል፣ ክሩን ግን ይበላዋል። እናቶቻችን ሸማ ያነጡበት የነበረው እንዶድ ዛሬም ይሠራል፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ እጣቢውን ጅረት ወይም ጣና ውስጥ አይድፉት። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ይሞቱ ነበር። ዓሣንም ይጎዳል።

ለወለል

የደንገል ምንጣፍ ጣና ዳር ርካሽና ቀዝቃዛ ነው፤ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የሚተካከለው የለም። እርጥብ ወለል ላይ ግን ከሥሩ ይበሰብሳል፤ በየሳምንቱ ተነሥቶ ይገልበጥ። ጀንዲ (የበሬ ቆዳ) እና አጎዛ (የበግ ቆዳ) ለደጋው ይሁኑ፤ ውኃ አይንካቸው፣ ይራገፉ፣ ጥላ ውስጥ ይናፈሱ።

የሚገዙበትን ወርም ይምረጡ። የእንጨትና የቀርከሃ ዕቃ ከየካቲት እስከ ግንቦት መግዛት ይሻላል፤ ሊሰነጠቅ ያለው በዚያ ድርቀት ተሰንጥቆ ዓይንዎ እያየው ነውና። በሐምሌና በነሐሴ የሚሸጥ እርጥብ እንጨት ውኃው አሳብጦት ስንጥቁን ደብቆ ይጠብቅዎታል። ግድ ሆኖ በክረምት ከገዙ፣ ጥር ላይ ቢሰነጠቅ አናጺው በነፃ እንዲያስተካክል ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት ደረሰኙ ላይ ያስጽፉት።