የሚላላ የቦርሳ ማንገቻ፦ ዘለበት መቀየር፣ ሁለተኛ ዘለበት መጨመር ወይስ ማሰሪያውን መለወጥ?

በእግር ጉዞ ላይ በየመቶ እርምጃው ማንገቻ እየሳቡ መሄድ ትከሻንም ልብንም ያደክማል። እኔ ቁልቁለት ስወርድ የቀኝ ማንገቻዬ በጣት ስፋት በጣት ስፋት እየላላ ቦርሳው ወደ ግራ ሲጎትተኝ ውሏል። ለዚህ ግን አዲስ ቦርሳ አይገዛም። ጥፋቱ በአብዛኛው ከብብት በታች ባለችው የፕላስቲክ ዘለበት ወይም በውስጧ በሚያልፈው ማሰሪያ ላይ ነው።

አስቀድማችሁ የዘለበቱን ነካሽ ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ደህና ከሆነ ጥፍር ይይዛል፤ ያለቀ ከሆነ ሙልጭ ይላል። ጠርዙ ደህና ሆኖ ማሰሪያው ከሳሳና ካብለጨለጨ የሚለወጠው ማሰሪያው ነው። ተገልብጦ ገብቶም ሊሆን ስለሚችል ከማይላላው ማንገቻ ጋር አስተያዩት።

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው አዲስ ዘለበት ነው። የፋብሪካው ዘለበት ከቦርሳው ጋር የተሰፋ ስለሆነ ብዙዎች ልብስ ሰፊ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን አንዱ ዘንጉ ላይ ስንጥቅ ያለው ዓይነት አለ፤ ቦርሳው ላይ የተሰፋው የጨርቅ ቀለበት በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል፣ መርፌ አያስፈልግም። ስትገዙ ማሰሪያውን በማስመሪያ ለኩ፤ የተለመዱት 20 እና 25 ሚሊ ሜትር ናቸው። 20ው በ25ቱ ዘለበት ውስጥ ወደ ጎን እየሸሸ እንደገና ይላላል።

ከዘለበቱ ሥር ሁለተኛ ባለ ሦስት ዘንግ ዘለበት መጨመር ርካሽና ፈጣን ነው፤ ማሰሪያው እንዳያመልጥ ይገታዋል። ችግሩ ማንገቻውን ባጠበቃችሁና ባላላችሁ ቁጥር ሁለቱንም ማስተካከል ነው። ጃኬት እያወለቁና እየለበሱ ለሚጓዙ አልመክረውም፤ ቦርሳውን ከሌላ ሰው ጋር ለማይጋራ ሰው ግን ይበቃል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ማሰር ማሰሪያው ጨርሶ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ መላላቱን አያስቆምም።

ማሰሪያውን መለወጥ ጠንካራ የስፌት መኪና ስለሚጠይቅ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን ያንሸራትታል። ዝናብ ለሚያጋጥመው ተጓዥ ፖሊስተር ይሻላል።

የወገብ ቀበቶውንም አትርሱ፤ እሱ ከላላ ክብደቱ ሁሉ ማንገቻው ላይ ያርፋል፣ የደከመ ዘለበትም አይችለውም። አሮጌውን ዘለበት ስታወጡ ደግሞ ፕላስቲኩን በጉጠት ሰብራችሁ አውጡት፤ በመቀስ የተሰፋውን ቀለበት ከነካችሁት አዲሱ ዘለበት የሚገባበት ቦታ ያጣል።